አረንጓዴው የቱ ነው?

በማተሚያ ቤቱ ውስጥ በስሙ የሚጠራው ሰው አልነበረም። ሁሉም «ጥቁር ቀለም» ነበር የሚሉት። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ በጥቁር ቀለም ብቻ ከሚያትመው አሮጌ ማሽን ንቅንቅ አላለማ! ሁለት ጊዜ ወደ ባለ ቀለሙ ማሽን ሊያሳድጉት ፈልገው ነበር። በመጀመሪያው ወገቤን ያመኛል አለ። በሁለተኛው ደግሞ የዚህን ማሽን ጸባይ ከእኔ ሌላ የሚያውቅለት የለም ብሎ ሽንጡን ገትሮ ተከራከረ። አለቆቹ ሰነፍ ነው አሉ፤ ጓደኞቹ ከማሽኑ ጋር ተጋብቷል እያሉ ሳቁበት። እውነቱን ግን ለማንም ትንፍሽ አላለም። ሰውየው አረንጓዴና ቡናማ አይለይም።

ሰማያዊን ያያል፤ ብርቱካናማንም አይስትም። እነዚህ ሁለቱ ላይ ሲደርስ ግን ዓይኑ ይከዳዋል፤ ለእሱ ሁለቱም የደረቀ ቅጠል ናቸው። ልጅ ሳለ ዛፍ ሳል ተብሎ ግንዱን አረንጓዴ፣ ቅጠሉን ቡናማ ቢያደርገው አስተማሪዋ «ዛፉን ዘቅዝቀህ ነው እንዴ የተከልከው?» ብላ ክፍሉን በሳቅ አፈረሰችው። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ቀለም ማንንም ጠይቆ አያውቅም። ሸሚዝ ሲገዛ ግራጫ ነው፤ ፍራፍሬ ሲገዛ ደግሞ «አንተው ምረጥልኝ» ብሎ ለሻጩ ይተወዋል። ሰው አንድ ነገር ለመደበቅ ከቆረጠ ብልሃቱ አያልቅበትም።

ማተሚያ ቤቱ ሊዘጋ መሆኑ በተሰማ ሰሞን ሥራ አስኪያጁ ሠራተኞቹን አንድ በአንድ እያስጠራ ያሰናብት ጀመር። የእሱ ተራ ሲደርስ ግን ወንበር አቀረበለት።

«ያንን አሮጌ ማሽን እስከ ዛሬ በሕይወት ያቆየኸው አንተ ነህ» አለው። «የእህት ኩባንያችን የኮምፒውተር ድጋፍ ክፍል አንድ ክፍት ቦታ አለው። የቴክኒሻን የመጀመሪያ ደረጃ ምስክር ወረቀት ካመጣህ ቦታው ያንተ ነው። ሦስት ወር አቆይልሃለሁ፤ ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ ከእጄ ይወጣል።»

እንዲህ ሆኖ ነው በአርባ ሦስት ዓመቱ ከወጣቶች ጋር ተደባልቆ ተማሪ የሆነው። አስተማሪው በዕድሜ በአሥራ አምስት ዓመት ስለሚያንሰው «ጋሼ» እያለ ነበር የሚጠራው። ጥቁር ቀለም ሥራውን ወደደው። የኮምፒውተሩን ሆድ ከፍቶ አቧራውን እፍ ሲል፣ ሚሞሪውን ነቅሎ መልሶ ሲተክል፣ የሞተው ስክሪን ብልጭ ሲል ልጅነቱ ይመለስበት ነበር። አስተማሪው ከአፉ የማይለየው አንድ ነገር ነበረ፦ «መጀመሪያ ባለቤቱን ጠይቁ። መቼ ጀመረው? ከመበላሸቱ በፊት ምን ተነክቶ ነበር? ግማሹ ብልሽት የሚገኘው በካቻቢቴ ሳይሆን በጥያቄ ነው።» ጥቁር ቀለም ይህንን በደብተሩ ላይ በጥሩ ጽሕፈት ጻፈና ዘጋው።

በሁለተኛው ወር የኔትወርክ ኬብል ትምህርት መጣ። ኬብሉ ሲላጥ ከውስጡ ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች ይወጣሉ፤ ብርቱካናማ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ቡናማ፣ እያንዳንዳቸውም መስመር ካለበት ነጭ ጓደኛቸው ጋር ተገምደው። በተወሰነ ቅደም ተከተል ተደርድረው ኮኔክተር የሚባለው የፕላስቲክ መሰኪያ ውስጥ ይገባሉ፤ ከዚያ ክሪምፐር በሚሉት መቆንጠጫ ይጨመቃሉ። ጥቁር ቀለም የሆነው ይሁን ብሎ ገምቶ ገጠመ። መስመሩን የሚፈትሸው ቴስተር ላይ ሲሰካው መብራቶቹ ከአንድ እስከ ስምንት በተራ በሩ። እልል ሊል ምንም አልቀረው። ያልገባው ነገር፣ ስህተቱን በሁለቱም ጫፍ እኩል ሲሠራው ቴስተሩ ስህተት መሆኑን አያውቅም። ሽቦ የራሱን ቀለም አያይም።

ፈተናው ሁለት ሳምንት ሲቀረው አስተማሪው ከቅርጫቱ አንድ ኬብል አንስቶ ከፍ አደረገ።

«ይህንን የሠራው ማነው?»

ጥቁር ቀለም ከሩቅ አወቀው፤ የራሱ ሥራ ነው። አንገቱን ደፍቶ የጫማውን ክር ያይ ጀመር።

«ቴስተር ላይ አልፏል» አለ አስተማሪው። «ግን አረንጓዴውና ቡናማው ቦታ ተቀያይረዋል። ነገ ሌላ ቴክኒሻን መጥቶ አንዱን ጫፍ በደንቡ ሲቀይረው ኔትወርኩ ድርግም ይላል፤ ያ ምስኪን ጥፋቱን ሲፈልግ ይውላል። ፈተናው ላይ ደግሞ በዓይን ነው የሚታየው። ሌላውን ሁሉ ሠርታችሁ በዚህ ብቻ ትወድቃላችሁ።» ኬብሉን ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ጣለው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይህ ነው።»

በመቸኮል ቢሆን ምንኛ በወደደ!

ቅዳሜ ከሰዓት ቁርጥራጭ ኬብሎች ይዞ ቤቱ መስኮት ሥር ተቀመጠ። ባለቤቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ የስፌት መኪናዋ እዚያው መስኮት ሥር ነው። ሽቦዎቹን ወደ ብርሃኑ ከፍ ያደርጋል፣ ዓይኑን ያጨነቁራል፣ ያገላብጣል። በመነጽሯ አናት ብዙ ካየችው በኋላ መኪናዋን አቆመች።

«ምንድን ነው እንዲህ የሚያታግልህ?»

«ምንም።»

ተነሥታ መጣችና ሁለት ጥንድ ሽቦ ከፊቱ ዘረጋች። «እስቲ አረንጓዴው የቱ ነው?»

«አታዪም እንዴ? ዓይን የለሽም?»

«እኔማ አያለሁ» አለች ቀስ ብላ። «የማታየው አንተ ነህ።»

ክው አለ። ሽቦዎቹን ከፊቱ ገፋ።

«በተጋባን በመጀመሪያው ዓመት አረንጓዴውን ክር አቀብለኝ ብልህ ቡናማውን ሰጠኸኝ። በማግስቱም እንደዚያው። ከዚያ ወዲህ ክር በቀለሙ ጠርቼ ጠይቄህ አውቃለሁ? 'ከግራ ሁለተኛውን'፣ 'ዳር ላይ ያለውን' ነው የምልህ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ!»

እውነቷን ነው። ሁልጊዜ እንደዚያ ነበር የምትለው፤ እሱ ግን አንድ ቀን እንኳ ልብ አላለውም። ሌላ ሰው ቢሆን ሚስቱን እቅፍ ያደርጋት ነበር። እሱ ግን ተቆጣ።

«አሥራ ሁለት ዓመት ስትስቂብኝ ኖርሽ በይኛ!»

«ብስቅብህ ኖሮ ይሄኔ ሰፈሩ በሰማ! ይልቅ ሂድና ለአስተማሪህ ንገረው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።»

«ምን ቆርጦኝ! ቀለም የማይለይ ቴክኒሻን ማን ይቀጥራል? ይህችን ቦታ ካጣሁ በዚህ ዕድሜዬ ማን በር ይከፍትልኛል?»

እሷም አኮረፈች፤ እሱም አኮረፈ። ለአንድ ሰዓት ያህል ቤቱ ውስጥ የሚናገረው የስፌት መኪናው ብቻ ነበር። የሰፊ ጣት ግን ሥራ መፍታት አይሆንለትም። አንዱን ቁራጭ አነሣችና ዓይኗን ጨፍና ሽቦዎቹን በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መሐል አሽከረከረቻቸው።

«አንተ ሰውዬ» አለች ኩርፊያዋን ረስታ፣ «የእነዚህ ግምድ እኮ አንድ አይደለም። ይሄኛው ጠበቅ ያለ ነው፣ ያኛው ላላ ያለ። ጠበቅ ያለው አረንጓዴው ነው። እስቲ ቁጠረው።»

ቆጠረ። በአንድ ጣት ርዝመት የአረንጓዴው ግምድ ዘጠኝ፣ የቡናማው ስድስት። ሌላ ቁራጭ አነሣ፤ ዘጠኝና ስድስት። ከመቀመጫው ዘሎ ግንባሯን ሳማት። ከዚያ በኋላ እስከ ፈተናው ድረስ አንድም ጊዜ አልሳተም፤ አስተማሪውም «ጋሼ፣ እጅዎ እኮ ሰላ!» እያለ አደነቀው። እሱም ለማንም መናገር አያስፈልግም ብሎ ልቡን አሳረፈ። ይህ ሰው ምስጢሩን ለመደበቅ የለፋውን ለሌላ ነገር ቢለፋ የት በደረሰ!

የፈተናው ቀን ጠዋት የጽሑፉን ፈተና በደህና ጨረሰ። ከሰዓት ለተግባሩ ከልዩ ልዩ ቦታ የመጡ አሥራ ሁለት ተፈታኞች አሥራ ሁለት ጠረጴዛ ላይ ተደለደሉ። ፈታኟ ወፍራም መነጽር ያደረገች፣ ፊቷ የማይነበብ ሴት ናት። ስልክ አጥፉ፣ ከጎረቤት ጋር ማውራት ክልክል ነው፣ በዚህ ፈተና ደንበኛችሁ እኔ ነኝ እያለች ደንቡን በአንድ ትንፋሽ አነበነበችው። ማንም በቅጡ የሰማት የለም፤ ሁሉም ዓይኑ መሣሪያው ላይ ነበር። ጥቁር ቀለም አልነሣም ያለውን ኮምፒውተር አስነሣ፤ አላትምም ያለውን ፕሪንተር አሳተመ። የቀረው ኬብሉ ብቻ ሆነ። አንድ ሜትር ኬብል፣ ሁለት ኮኔክተር፣ ሃያ ደቂቃ። ትርፍ ኮኔክተር የለም።

ላጠው። እንደለመደው ጥንዶቹን በጣቱ አሽከረከረ። ወሽመጡ ቁርጥ አለ።

ይህ ሌላ ፋብሪካ የሠራው ኬብል ነው። የሁለቱም ግምድ እኩል ነው። ቆጠረ፤ ሰባትና ሰባት። ጣቱን ሱሪው ላይ ጠርጎ እንደገና ቆጠረ፤ ሰባትና ሰባት። ወደ መስኮቱ ዘወር አድርጎ በብርሃኑ አየው፤ ሁለቱም ያው ደረቅ ቅጠል ናቸው። ከወዲህም ከወዲያም የጎረቤቶቹ ክሪምፐር ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት አሥራ አንድ ደቂቃ እንደቀረው ያሳያል።

ከሁለት አንድ ነው አለ ለራሱ። ሰው ከዚህ በባሰ ነገር ዕድሉን ይሞክር የለም እንዴ? አንዱን ጥንድ አረንጓዴ ነው ብሎ ደረደረው፤ ኮኔክተሩ ውስጥ ከተተው፤ ክሪምፐሩን አነሣ። እጁ ግን አልጨምቅ አለው። ዛሬ ቢሳካለትስ? ነገ ሌላ ኬብል አለ፤ ከነገ ወዲያም ሌላ። ቀሪ ዘመኑን ሁሉ በየኬብሉ ልቡ ዱብ ዱብ እያለ፣ ከሁለት አንድ እያለ ሊኖር ነው።

ፈታኟ አጠገቡ ደርሳ ቆመች። «ችግር አለ?»

የለም የምትለዋ ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ ነበረች። ዕድሜ ልኩን የተለማመዳት ቃል ናት።

«አለ» አለ። ድምፁ ካሰበው በላይ ጮክ ብሎ ወጣ፤ ጭንቅላቶች ዞሩ። «አረንጓዴና ቡናማ አልለይም። ከተፈጠርኩ ጀምሮ። እባክዎ እህቴ፣ ከእነዚህ አረንጓዴው የቱ ነው?»

ፈታኟ ሽቦዎቹን አየቻቸው።

«ሥራ ላይ ሲሆኑስ ማንን ሊጠይቁ ነው?» አለችው።

«አጠገቤ ያለውን ሰው። ማንም ከሌለ ወጥቼ እጠራለሁ። ገምቼ ግን አልገጥምም።»

ፈገግም አላለች፣ አልተቆጣችም። የደንቡን ወረቀት ይዛ በሩ ጋ ወደተቀመጠው ዋና ፈታኝ ሄደች። ተንሾካሾኩ። ሰውየው አይሆንም ብሎ ራሱን ነቀነቀ። እሷ አንዱ መስመር ላይ ጣቷን አኖረች። እሱ እንደገና ነቀነቀ፤ እሷ ጣቷን አላነሣችም። ዘጠኝ ደቂቃ፤ ሰባት፤ ስድስት። ጥቁር ቀለም ጆሮው ድረስ እየጋለ ቆመ። የአሥራ አንድ ሰው ዓይን ጀርባው ላይ ተሰማው። አፈረ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ግን ቃሏን መልሼ በዋጥኳት አላለም።

ፈታኟ ስትመለስ አምስት ደቂቃ ቀርቶት ነበር።

«በዚህ ፈተና ደንበኛው እኔ ነኝ ብያለሁ» አለች። «ደንበኛ ደግሞ የተጠየቀውን ይመልሳል።» ጣቷን አሳረፈች። «አረንጓዴው ይህ ነው።»

ጎንበስ ብሎ አየው። ከሌላው ጋር የፀጉር ያህል ልዩነት አልነበረውም። አመናት።

ከዚያ በኋላ እጁ አልሰነፈም። የአረንጓዴውን ነጭ ጓደኛ ሦስተኛ፣ አረንጓዴውን ስድስተኛ፣ ቡናማዎቹን መጨረሻ ላይ አደረጋቸው። ጨመቀ፤ ወደ ሌላው ጫፍ ዞረ፤ ደግሞ ጨመቀ። መብራቶቹ ከአንድ እስከ ስምንት በሩ። ፈታኟ ሁለቱን ጫፎች መነጽሯ ድረስ አስጠግታ አየቻቸው፤ ጻፈች፤ ወረቀቱንም እንዲያየው ወደ እሱ አዞረችው። «አልፏል» ይላል።

መሣሪያዎቹን በቦታቸው መለሰ። ቦርሳውን አንሥቶ ሊወጣ ዘወር ሲል ከኋላው ሦስተኛው ጠረጴዛ ላይ ኬብሉን ዘግይቶ የጀመረ አንድ የማያውቀው ወጣት እጁን ሲያወጣ አየ። ኮኔክተሩ ባዶ ነው፤ በግራ እጁ ሁለት ጥንድ ሽቦ ለይቶ ይዟል፤ ግንባሩ ላብ በላብ ሆኗል።

«ይቅርታ» አለ ለፈታኟ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ። «የእኔንም ይንገሩኝ። አረንጓዴው የቱ ነው?»

ጥቁር ቀለም አልሄደም። ወጣቱ እስኪጨርስ ከበሩ ውጭ ቆሞ ጠበቀው።