ጎመኔ ላይ የተኛው ቃጫ

ቅዳሜ ንጋት፣ ፉሪ

ጎህ ሲቀድ ተነሥቼ አስቀድሜ ወደ ማሳዬ ወረድኩ። አዲስ ነገር አገኛለሁ ብዬ አይደለም፣ ልቤ አላስችል ብሎኝ ነው። ያው ነው። በቦዩ የገባው የወንዝ ውኃ ደርቆ መደቡን ሁሉ ግራጫ ነገር አልብሶታል። ጫፉን ይዤ ስስበው እንደ አሮጌ ብርድ ልብስ ተላጠ። ከሥሩ የጎመን ችግኝ ቢጫ ሆኖ ተኝቷል። በዚህ በጋ ይኼ ጎመን ካልያዘ እኔና ባለቤቴ እልፍነሽ የምንሸጠው ሌላ ነገር የለንም። መሬቱ ራሱ የቀረችን ቁራሽ ናት፤ ሌላው ቤት ተሠርቶበታል።

ልጣጩን አጥፌ ከረጢት ውስጥ ከተትኩት። እልፍነሽ ወዴት ነው ብትለኝ፣ ይኼ ጉድ ከየት እንደሚመጣ ወንዙን ወደ ላይ ተከትዬ አያለሁ አልኳት።

"አይ አንተ ሰው! ሌላው ልብስ ይዞ ወደ ወንዝ ይወርዳል፣ አንተ ከወንዝ ልብስ ይዘህ ትወጣለህ" ብላ ቆሎ ቋጠረችልኝ።

ማለዳ፣ ለቡ

መንገዱ አቧራ ነው። ድንጋይ የጫነ ገልባጭ መኪና አሳፈረኝ። ለቡ ድልድዩ ላይ ስንደርስ አንድ ጊዜ አቁምልኝ፣ ውኃውን ልየው ብዬ ለመንኩት። ሾፌሩ ሳቀብኝ፤ ወንዝ አይተው አያውቁም ወይ አለኝ። ወርዶ አብሮኝ ሲያይ ግን ሳቁን ተወ። ውኃው ሊጥ የታጠበበት ገንዳ ይመስላል።

"መኪናዬን እዚህ ሳጥባት ከነበረችው ብሳ ነው የምትወጣው። እኔ ደግሞ ሳሙናው ነው እል ነበር" አለኝ። መካኒሳ በኩል አሮጌ ወረቀት እየፈጨ ካርቶን የሚሠራ ፋብሪካ እንዳለ፣ ድንጋይ አራግፎበት እንደሚያውቅም ነገረኝ።

ከለቡ ሚኒባስ ያዝኩ። ወያላው ለከረጢቱም ሃምሳ ሳንቲም ክፈል አለኝ። ጭኔ ላይ ነው ያለው ብዬ ብነግረው፣ "አባባ፣ ጭንዎም እኮ ታክሲው ውስጥ ነው" አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ከፈልኩ፤ ምን አደርጋለሁ።

ረፋድ፣ መካኒሳ

አቦ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ወርጄ ተሳለምኩ። ከአንዲት ሱቅ ደጃፍ ሻይና ዳቦ ቀምሼ ወደ ወንዙ ሄድኩ። ከፋብሪካው አጥር በላይ ውኃው ቆሻሻ ነው፤ ፌስታል አለበት፣ ሁሉም አለበት፣ ግን ግራጫ አይደለም። ከአጥሩ በታች ያው የማሳዬ ቀለም። በመካከሉ አንድ ወፍራም ቱቦ ይተፋል። እንግዲህ ሌላ ምን ፍለጋ አለ?

ዘበኛው ከረጢቴን ከፍቶ አየና አስገባኝ። ኃላፊው ቅዳሜ አይገቡም ተባለ። የማሽን ክፍሉ ሹም ሰሎሞን የሚባል ጎልማሳ መጣ። ልጣጩን ስዘረጋለት እንደ ጠፋ ዘመዱ አየው፣ በጣቱ ቀደደው፣ ለብርሃን ዘረጋው።

"የእኛ ቃጫ ነው" አለ።

እኔ ቃጫ ስባል የማውቀው ገመድ የሚገመድበትን ነው። እሱ እንዳስረዳኝ ግን የወረቀትም ሥጋው ቃጫ ነው። ወስዶ አሳየኝ። ከማሽኑ ሥር የሚወጣው ውኃ ሰፊ ገንዳ ይገባል። እዚያ ቀስ ሲል ቃጫው ይዘቅጣል፣ የጠራው በላይ ይፈሳል። የዘቀጠውን ፓምፕ እየሳበ ወደ ማሽኑ ይመልሰዋል፤ ደግሞ ካርቶን ይሆናል። ሰማሁትና ደስ አለኝ። ታዲያ ፓምፑ የታለ ብዬ ጠየቅሁ።

ሞተሩ ተቃጥሏል። ተጠግኖ መጣ፣ ደግሞ ተቃጠለ። አዲሱ ከውጭ ነው፣ የውጭ ምንዛሪ ይጠብቃል። ገንዳው ሲሞላ በአካፋ አውጥተው ዳር ከመሩት፣ ዝናብ መልሶ ወንዙ ውስጥ ከተተው። አሁን የገንዳውን በር ከፍተው ይለቁታል።

"ማሽኑን አቁሙታ" አልኩት።

"አባቴ፣ ማሽኑ ከቆመ ሠራተኛው ቤቱ ይገባል። እኔ ይኼን ቃጫ ሲሄድ ሳይ አንጀቴ ነው የሚቃጠለው። የእርስዎን ጎመን ይገድላል፣ የእኛን ካርቶን ያሳጣናል። ማን እንደተጠቀመ እስቲ ይንገሩኝ።"

ልቆጣው መጥቼ ሰውዬው ከእኔ ብሶ ተቆጥቶ አገኘሁት። በማን ልናደድ? መጨረሻ ላይ ሲሸኘኝ፣ ማሽኑ ቅዳሜ ማታ እንደሚቆም ነገረኝ፤ እሑድ ሙሉ ቀን ምንም ስለማይለቁ በዚያ ቀን እንዳጠጣ መከረኝ። ክርስቲያን ነኝ አልኩት። አንገቱን ደፋ፤ እሱም ነው ለካ።

በሩ ላይ ዘበኛው ከረጢቴን እንደገና ከፈተ። ይኼ የድርጅቱ ንብረት ነው፣ ያለ መውጫ ወረቀት አይወጣም አለኝ። ጠዋት ይዤ ስገባ አይተኸኝ የለም ወይ ብዬ ብጠይቀው፣

"ሲገባ መመሪያ የለንም አባባ። መመሪያው ለሚወጣ ነው" አለ።

"በቱቦው የሚወጣውስ?"

"እሱ በእኔ በር አይወጣም።"

ልጣጩን ትቼለት ባዶ ከረጢቴን ይዤ ወጣሁ።

ከሰዓት በኋላ፣ አቦ

የንስሐ አባቴ አቦ ነው የሚያገለግሉት። ከዋርካው ሥር አገኘኋቸውና ነገሩን አጫወትኳቸው። በሰንበት ቦይ ልቅደድ ወይ አልኳቸው።

"ቦይ መቅደድ ሥራ ነው፤ አይሆንም። ውኃ መቅዳት ግን ማን ከለከለህ? የተጠማ እያለ ዝም ይባላል?"

"ለጎመንም ይሆናል አባቴ?"

"ጎመን አይጠማም?" አሉኝ። ጥቂት አሰቡና ደግሞ፣ "አካፋ ግን እንዳታነሣ" ብለው ባረኩኝ።

እሑድ፣ ፉሪ

ከቅዳሴ ተመልሰን በላንና ወረድን። ውኃው ጠርቷል። ከሥሩ ጠጠሩ ይታያል፤ ይህን ወንዝ እንዲህ ካየሁት ከርሜያለሁ። ቦዬ አጠገቡ አፉን በአፈር ዘግቶ ተኝቷል። አንድ አካፋ ብዛቅለት ማሳው ሁሉ በጠጣ ነበር። ባልዲ አነሣሁ።

እልፍነሽ በጣሳ፣ እኔ በባልዲ፣ ዳገቱን እየወጣን አንድ በአንድ አጠጣን። ወገቤ አልታዘዝ አለኝ። እሷ ደግሞ ዝም አትልም። "ፋብሪካው ሲሠራ ቁጭ ትላለህ፣ ፋብሪካው ሲያርፍ ትሸከማለህ" ትለኛለች። እውነቷን ነው።

ሁለት መደብ እንደጨረስን ፀሐይ ጠለቀች። ሌላውን ተውነው።

ሰኞ ጠዋት ያጠጣናቸው ቀና ብለዋል፤ ያላጠጣናቸው ተኝተዋል። ወንዙ ግራጫውን ለብሶ ይወርዳል። ባልዲውን ለሚመጣው እሑድ ደፍቼ አስቀመጥኩት።