ላምባ የጠጣችው ልጄና የጋሽ ጌጡ መደርደሪያ

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ነው። ዛሬም የላምባ ሽታ ሲሸተኝ ልጄ የት እንዳለች ለማየት እሮጣለሁ።

ከዘመሮ ከተማ ራቅ ባለ የገጠር ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። መብራት ስለሌለን ለኩራዝ የሚሆን ላምባ በውሃ ሃይላንድ ቀድቼ አልጋ ሥር አስቀምጥ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልብስ ሳሰጣ ልጄ ማኅሌት ስትስል ሰማሁ። ገና ሦስት ዓመት አልሞላትም። ሮጬ ስገባ ሃይላንዱ ወለሉ ላይ ተጋድሟል፤ አፏ ላምባ ላምባ ይሸታል።

ጮኽኩ። አከራዬ እማማ ብርቄ ደርሰው አቀፏት።

"ጣትሽን ጉሮሮዋ ውስጥ ክተቺና ታውጣው! ምን ትጠብቂያለሽ?" አሉኝ።

እኔ ደግሞ ላምባ የጠጣ ሰው እንዲያስታውክ አይደረግም ሲባል የሰማሁ መሰለኝ። የት ሰማሁ? ከማን? አላስታውስም። ስልኬ ኔትወርክ የለውም። ጤና ኬላው ተዘግቷል፤ ሠራተኛዋ ለስብሰባ ወረዳ ሄዳለች። ብሳሳት ልጄን የምገድላት እኔው ነኝ።

"እማማ፣ በእመቤቴ ይዤዎታለሁ፣ እስክመለስ ምንም እንዳያደርጓት! በቅሎዎ ትጫንልኝ!" ብዬ ከአጥሩ ማዶ ወዳለው ትምህርት ቤት በረርኩ። አንድ ጫማዬ መንገድ ላይ ቀረ።

ቤተ መጻሕፍታችን ውስጥ በእርዳታ የመጣ የእንግሊዝኛ ኢንሳይክሎፒዲያ አለ፤ ለየፊደሉ አንዳንድ ጥራዝ። መርዝ በእንግሊዝኛ 'ፖይዘን' ነውና 'ፒ' ላይ እንደሚሆን አውቃለሁ። ግን 'ኤ' እንኳ ከፊት የለም። 'ኤች' አለ፣ 'ኤል' አለ፣ 'ኤም' አለ፣ ከዚያ 'ኤስ'! ያንንም ያንንም እያነሳሁ ወረወርኩ። አንድ ሰው ወስዶታል ብዬ እዚያው ቁጭ ልል ምንም አልቀረኝም።

"ጋሽ ጌጡ፣ 'ፒ' የት ገባ? ልጄ ልትሞትብኝ ነው!" አልኳቸው መጻሕፍቱን የሚጠብቁትን ሽማግሌ።

"የት ይገባል? በተራው ደርድሬዋለሁ እኮ" አሉ ደንግጠው።

"በየትኛው ተራ?"

"በፊደላችን ነዋ! ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ... ፐ ከሁሉም መጨረሻ አይደለም?"

ሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ እሞት ነበር። በደረቴ ተኝቼ ከታችኛው መደርደሪያ ዳር መዘዝኩት። ላምባ የጠጣ ሰው እንዲያስታውክ አይደረግም፣ ወደ ሳንባው ይገባበታል፣ ቶሎ ሐኪም ዘንድ ይወሰድ ይላል። መጽሐፉን እንደታቀፍኩ ሮጥኩ።

ስደርስ እማማ ብርቄ ጨንቋቸው ልጄን ደፍተው ጣታቸውን ወደ አፏ እየሰደዱ ነው። "ተዉ!" ብዬ እጃቸውን ለቀም አደረግኩ። ትልቅ ሰው ላይ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም።

በበቅሎ እስከ ዘመሮ ያለውን መንገድ እንዴት እንደጨረስነው እግዜር ይወቅ። ዝም ስትል ስሟን እየጠራሁ እነቀንቃታለሁ፤ ስትስል እኔ አለቅሳለሁ። ጤና ጣቢያው ስንደርስ ነርሷ መጀመሪያ የጠየቀችኝ "አስታውካለች?" ብላ ነው።

"አላስታወከችም።"

"ተመስገን" አለችና ከእጄ ተቀበለችኝ።

ልጄ እዚያው ተኝታ ታክማ ዳነች። ከዚያ ወዲህ ሃይላንድ ቤቴ አይገባም።

ማኅሌት አሁን ፊደል እየቆጠረች ነው። ከሀ ትጀምርና መሐል ላይ ይደክማታል፤ ትታው ወደ ጨዋታዋ ትሮጣለች። እስከ መጨረሻው የዘለቀች ቀን ግን፣ ፐ እስክትል ድረስ ትንፋሼን ይዤ እጠብቃታለሁ።