ሁለት ቀይ ጠርሙስ

ሰፈሩ «እህት ብልቃጥ» ይላታል። የጤና ጣቢያው ላቦራቶሪ ሠራተኛ ናት። ሥራዋ የሰው ሽንት ተቀብላ ውስጡ ያለውን መናገር ነው፤ ሥራዋን ስትወደው ደግሞ ለጉድ ነው! «መጀመሪያ የሚወርደውን ልቀቁት፣ መሃሉን ብቻ በኩባያው ያዙ» እያለች ጉሮሮዋ እስኪደርቅ ታስረዳለች። ማን ሰምቷት! አንዱ በትልቅ የውሃ ፕላስቲክ እስከ አፉ ሞልቶ፣ እንዳይደፋበት እየተጠነቀቀ ይመጣል። አንዷ በሽቶ ጠርሙስ ታመጣና ክፍሉን በጽጌረዳ ታውደዋለች። እህት ብልቃጥ ታዲያ ትስቃለች እንጂ አትቆጣም።

ያን ቀን ጠዋት ግን ሳቋ ድራሹ ጠፋ። የገዛ አባቷ፣ አናጢው፣ በፎጣ የተጠቀለለ የማርማላታ ጠርሙስ ታቅፎ ገባ። ፎጣውን ሲገልጠው ሽንቱ ደም መስሏል።

«ልጄ፣ አለቀልኝ» አለ።

ክው አለች። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ገና ከበሩ «ትናንት ምን በሉ? ምን መድኃኒት ወሰዱ?» ብላ ታጣድፈው ነበር። አባቷ ሲሆን ጥያቄው ሁሉ ከራሷ ላይ በነነ። «አይዞህ አባዬ» ብቻ አለች፤ እሷንስ ማን አይዞሽ ይበላት!

አባቷ ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ ሳያሳርፍ በሩ እንደገና ተከፈተ። ልብስ ሰፊው አጎቷ ነበር፣ የአባቷ ታናሽ ወንድም። ሁለቱ አንድ አጥር ተጋርተው ይኖራሉ፤ ግን አጎትየው የተዋሰውን መሰላል አንድ እርከኑ ተሰብሮ ከመለሰ ወዲህ «እንደምን አደርክ» እንኳ አይባባሉም። እሷም ሁለቱን ለማስታረቅ ያልገባችበት የለም፣ ሰሚ አጣች እንጂ። አጎቷ ወንድሙን ሲያይ ኮቱን ጭምቅ አድርጎ ያዘ። ምን ያደርጋል፣ ጠርሙሱ ከሥር ብቅ ብሏል። እሱም ቀይ ነው።

«አንተም?» አለ አናጢው።

«አንተም፣ ወንድም ጋሼ?» አለ ልብስ ሰፊው።

ጉድ ፈላ! ሁለት ሽማግሌዎች፣ ጠርሙስ በእጃቸው እንደያዙ፣ ተቃቅፈው እዬዬ አሉ።

«መሰላሉን እኔ ነኝ የሰበርኩት! ድመት ዘላበት ያልኩህ ውሸቴን ነው!»

«ተወው እባክህ፣ ድሮም የበሰበሰ ነበር! ይቅር ብዬሃለሁ፣ አንተም ይቅር በለኝ!»

እህት ብልቃጥ እንባዋን በክንዷ እየጠረገች ሥራዋን ጀመረች። ከሁለቱም ጠርሙስ ጥቂት ቀዳችና መመርመሪያ ወረቀቱን በአባቷ ሽንት ነከረችው፤ ደም ሲያገኝ ቀለሙ የሚቀየረው ካሬ ንቅንቅ አላለም። ሽንቱን በማዞሪያው ማሽን አሽከረከረችው። ደም ቢሆን ኖሮ ቀዩ ሥር ወርዶ ይዘቅጥ ነበር፤ ይሄ ግን ከላይ እስከ ታች እንደቀላ ቀረ። በማይክሮስኮፕ አየችው፤ የደም ሕዋስ የሚባል ነገር የለም። የአጎቷም ያው ነው።

ያን ጊዜ የረሳችው ጥያቄ ትዝ አላት። «አባዬ፣ ትናንት ማታ ምን በላህ?»

«ቀይ ሥር። እናትሽ ቀቅላ።»

«አንተስ ጋሼ?»

«እኔም ቀይ ሥር። ደግሞ እንዴት ይጥም ነበር መሰለሽ!»

ሳቋ አመለጣት። እናቷና የአጎቷ ሚስት ባሎቻቸው ከተኳረፉ ጀምሮ በአጥሩ ላይ ሳህን ሲቀባበሉ እንደኖሩ ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም።

«ቀይ ሥሩ ነው ያቀላችሁ! አንዳንድ ሰው ላይ እንዲህ ይወጣል። ሁለታችሁም ደህና ናችሁ!»

አናጢው እጁን ከወንድሙ ትከሻ ቀስ ብሎ አነሳ።

«ስለዚህ አልሞትም?»

«አትሞትም።»

«እሱስ?»

«እሱም።»

«ታዲያ በከንቱ ነዋ ይቅር ያልኩት!»

እህት ብልቃጥ ምን አለ ትንሽ ብቆይ፣ ምን አለ እስከ ከሰዓት ባስጠብቃቸው ብላ ራሷን ረገመች።

ልብስ ሰፊው ጠርሙሱን ደረቱ ላይ አጥብቆ ያዘ። «ብለሃል፣ ብለሃል! እኔ ይቅርታህን አልመልስም!»

አናጢው ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን ሳቅ ነው። ሆዱን ይዞ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ፤ ወንድሙም ከጎኑ ተዘረፈጠ። ወረፋ የሚጠብቀው ሕዝብ ምን እንደሆነ ሳያውቅ አብሮ ይንከተከታል። በመጨረሻ ክንድ ለክንድ ተያይዘው፣ በመሰላሉ እየተበሻሸቁ ወጡ።

እህት ብልቃጥ ስልኳን አንስታ እናቷ ጋ ደወለች።

«እማዬ፣» አለች እየሳቀች፣ «ከዛሬ ጀምሮ ሳህኑን በበር ይዘሽ ግቢ።»