ከአዳራሽ ያስወጣኝ ግጥም

ማሲንቆ እየሰማ ዝም የሚል ሰው መጀመሪያ ያየሁት እዚሁ ላሊበላ፣ ኮሌጁ አዳራሽ ውስጥ ነው።

የሙዚቃ መምህራን ማኅበር የሚባል አለ። ከኮሌጁ ጋር ተስማምቶ ተማሪዎችን ያወዳድራል፤ ኮሌጁ አዳራሽና ወንበር ይሰጣል፣ ማኅበሩ ዳኞቹን ያመጣል። የተመረጡት ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያው ይማራሉ። የልጅ ልጄ ማሲንቆ ትመታለች። አባቷ፣ የኔው ልጅ ማለት ነው፣ «ከተመረጠች ትማር፤ ካልተመረጠች ማሲንቆው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል» ብሎ ቆርጧል። እሱ ቆረጠ ማለት ቆረጠ ነው፤ በእናቱ ወጥቷል።

ጋቢዬን አሳጥቤ ሄድኩ። ሽማግሌ ነው ብለው ከፊት አስቀመጡኝ። እዚያ ላይ ተሳሳቱ።

ከዳኞቹ አንዷ፣ መነጽር ያደረገች መምህርት፣ ተነስታ «ተወዳዳሪ ሲጫወት ከተመልካች ድምፅ እንዳይሰማ» አለች። እኔም ራሴን ነቀነቅሁ። ለሚያወሩትና ስልክ ለሚያስጮኹት የተነገረ መስሎኝ ነው። ግጥም መስጠት ድምፅ ነው ብሎ ማን ያስባል?

የልጅ ልጄ መድረክ ላይ ወጣችና በአምባሰል ጀመረች። ትንፍሽ የሚል የለም። እንግዲህ በኛ አገር ማሲንቆ ሲመታ አድማጩ «ተቀበል» ብሎ ግጥም ይሰጣል፤ የሚመታውም ተቀብሎ ያዜመዋል። ምንም ሳይሰጡ ቁጭ ብሎ መስማት እንግዳ ጠርቶ እንደ ማስራብ ነው። ቤት ስትለማመድ ግጥም የምሰጣት እኔ ነኝ። ዓይኗ ወደኔ መጣ። አንጀቴ አልቻለም።

«ተቀበይ!» አልኩ፤

«ሰው ሁሉ ዝም አለ ምን ሐዘን ገባበት፣
አዳራሹ ሞልቶ ማሲንቆ ባለበት!»

ተቀበለች! ምን ታድርግ፣ ልማድ ነው። አሳምራ አዜመችው። ይሄኔ ከኋላዬ ልጁን ይዞ ከኩልመስክ የመጣ ገበሬ ብድግ አለ።

«ተቀበይ!

ቀና በሉ እስቲ እናንተዬ ዳኞች፣
ከወረቀት ይልቅ ደስ ይላሉ ጣቶች!»

አዳራሹ ሰርግ ቤት ሆነ። መምህርቷ ጸጥታ ለማስከበር ጠረጴዛውን በእስክሪብቶ ትመታለች፤ ሰዉ ምት የምትይዝለት መስሎት አብሯት ያጨበጭባል።

በመጨረሻ ወርዳ አጠገቤ ቆመች። «አባባ፣ እየፈተንናት እኮ ነው!»

«ዝም ስትሏት ከፋት፣ ልጄ።»

«ዝም ያልነው እያዳመጥናት ነው።»

«ታዲያ ማዳመጣችሁን በምን ትወቅ?»

ሳቋን ዋጠችው። «እሺ፣ እንደገና ትጫወት። እርስዎ ግን ውጭ ይሆናሉ። አሁንም ከሰው ግጥም ከተቀበለች ከውድድሩ ትወጣለች።»

የኮሌጁ ጥበቃ ክንዴን ደግፎ አወጣኝ፤ ግዙፍ ጎልማሳ ነው። መስኮቱ ሥር ቆምን። «አባባ፣ አደራዎን፣ ድምፅዎ እንዳይሰማ ተብያለሁ» አለኝ። ለእሱ እንጀራ ብዬ የጋቢዬን ጫፍ ጠቅልዬ ጎረስኩት።

ልጅቱ ጀመረች። ግጥም ከምሰጣት ቦታ ስትደርስ ቀስ አለች። ማሲንቆው ይለምናል። እኔ ጋቢዬን አኝካለሁ።

«ተቀበይ!» አለ አንድ ድምፅ።

እኔ አይደለሁም! ጥበቃው ጭንቅላቱን በመስኮት አስገብቷል።

«በሩን እየዘጋሁ ሁልጊዜ የምውለው፣
ዛሬ ግን ከፈትሁት ማሲንቆ ነው ያለው!»

ማሲንቆው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ታየኝ። ልጅቱ ግን ዓይኗን ጨፈነችና፣ ምንም እንዳልሰማች ሁሉ፣ ከራሷ አውጥታ ሌላ ግጥም አዜመች። ከኔ ያልሰማችው ግጥም ነበር። ከየት አመጣችው እያልኩ እስካሁን ይገርመኛል።

ከተመረጡት ጋር ስትጠራ አባቷ ከሁሉ ቀድሞ አጨበጨበ። ሰዉ እየሳቀ ሲወጣ ጥበቃው ብቻ በሩ ላይ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል።

«ምነው ልጄ?»

«አልተቀበለችኝም እኮ፣ አባባ። ግጥሙ መጥፎ ነበር እንዴ?»

መጥፎ ነበር።

«ኧረ ግሩም ነው» አልኩት። «እስቲ ድገመው፣ እኔ ልቀበልህ።»

ግራ ቀኙን አየና ጉሮሮውን ጠረገ። እኔም ማሲንቆ በሌለበት፣ ጫፉ የረጠበ ጋቢዬን እንደለበስኩ፣ ተቀበልኩት።