«ሙያ የለኝም» ያሉኝ ሰዎች

ማንም ሳያስተምረኝ የተማርኩ ሰው ነኝ። ፊደል የለየሁት ተቀጥሬ በምሠራበት ሱቅ፣ በሳሙና መጠቅለያ ላይ ነው። የጽሕፈት መኪናም ያወቅኩት የምሳ ሰዓቴን እየሠዋሁ ብቻዬን ነው። ነፋስ ስልክ በነበረ አንድ የብርድ ልብስ ፋብሪካ የዕቃ ግምጃ ቤት ጸሐፊ ሳለሁ፣ ዲፕሎማ ያላቸው ሰዎች ማመልከቻቸውን እንዳቃናላቸው እኔ ዘንድ ይመጡ ነበር። ይህን የምለው ልኩራራ ብዬ ነው፤ የሠራ ሰው ቢኮራ ነውር የለበትም።

በደርግ ጊዜ፣ ፋብሪካው ከተወረሰ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ከበላይ ደብዳቤ መጣ። ሙያ የሌላቸው ሠራተኞች ተለይተው ወደ መንግሥት እርሻ ይዛወሩ ይላል። ሥራ አስኪያጁ አስጠራኝ።

«ጓድ፣ ጽሑፍህ ያምራል። ማን ምን እንደሚችል ለይተህ እስከ ሰኞ ሳምንት አምጣልኝ።»

ከክር ካርቶን ካርድ ቆረጥኩ፤ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ አንድ። የካርዱን ጫፍ በስቼ አንድ ሙያ ያላቸውን በአንድ የሱፍ ክር ላያይዛቸው አሰብኩ፤ ለስፌት ቀይ፣ ለመብራት ሥራ ቢጫ፣ ለብረት ጥቁር። ጥቁሩን ክር ስስበው ብረት የሚያውቀው ሁሉ ተያይዞ ይወጣል። ይህን ዘዴ ከማንም አልቀዳሁም። ሙያ የሌለው ሰው ካርድ ግን ክር አይታሰርበትም።

ከዚያ ግቢው መሐል ጠረጴዛ አውጥቼ ሰዉን አሰለፍኩና ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብዬ ጠየቅኩ። የሱፍ ጆንያ የሚሸከም አንድ ጎልማሳ ቀረበ። ጎፋ ነው የሚኖረው፤ ሚስቱ ከወለደች ገና ሁለት ሳምንቷ ነበር።

«ሙያህ?»

«የለኝም፣ ጋሼ።»

«አባትህስ ምን ይሠሩ ነበር?»

«ገበሬ ናቸው» አለና አንገቱን ደፋ።

ከሰልፉ አንዱ፣ «ዛሬ አገሩ ሁሉ የገበሬ ልጅ ሆኖ አረፈው፤ እርሻ መላካችንስ ምን ያስገርማል» ሲል ብዙዎች ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ምን እንደሚያስቃቸው ግን አልገባኝም ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ቢሮዬን የምትጠርገው ሴትዮ ክር የሌላቸውን ካርዶች ክምር አየች። በዕድሜ ትበልጠኛለችና እትዬ ነበር የምላት።

«ይሄ ሁሉ ሰው ምንም አያውቅም?»

«ራሳቸው ናቸው ያሉት፣ እትዬ።»

«አንተ ሰው፣ ማንበብ ታውቃለህ ሲሉ እሰማለሁ። አደባባይ አቁመህ የአባትህ ሥራ ምንድን ነው ትላለህ? ያ ጆንያ ተሸካሚ የቀጥቃጭ ልጅ ነው። ብረት በእጁ እንደ ሊጥ ነው። ግን ሚስቱ አራስ ናት። ባልሽ ቡዳ ነው ከተባለች ገንፎ ይዞ ደጇን የሚረግጥ ጎረቤት ይኖራል? እርሻ ቢልኩት ይሻለዋል።»

«እርስዎ በምን አወቁ?»

«እኔ የሸክላ ሠሪ ልጅ ነኝ፤ እርስ በርስ እንተዋወቃለን። እንግዲህ ሂድና እኔንም በማይክራፎን አስነግርብኝ» ብላ መጥረጊያዋን አነሳች።

በዕድሜዬ ሁለት ጊዜ ብቻ ተሳስቻለሁ፤ አንደኛው ይህ ነው። ያዘጋጀሁትን ዝርዝር እዚያው ቀደድኩት። ከካርዱ ላይ የአባት ሥራ የሚለውን መስመር አወጣሁ። ሰዉንም አንድ በአንድ፣ በየሥራ ቦታው ሄጄ ለብቻው አነጋገርኩ። ጥያቄዬንም ለወጥኩ፦ «እዚህ ፋብሪካ ውስጥ እኔ ብነካው ይሻል ነበር የምትለው ነገር አለ?»

ተሸካሚው ጆንያውን አውርዶ ግራ ቀኙን አየ።

«ያ የቆመው የክር ማሽን» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «የብረት ጥርሱ ነው የተሰበረው። ከውጭ እስኪመጣ እየጠበቁ ነው። ከሰልና ቁራጭ ብረት ባገኝ እሠራዋለሁ።»

«በል ሥራው።»

«ከየት ተማርከው ካሉኝስ፣ ጋሼ? ቤቴ ይፈርሳል።»

«እኔ አስተማርኩት እላለሁ።»

ትክ ብሎ አየኝ። እኔ መዶሻ ጨብጬ አላውቅም። ነገር ግን ራሴን በራሴ አስተማርኩ እያልኩ ለዓመታት ስላወራሁ፣ እኔ የማላውቀው ነገር አለ ብሎ የሚጠረጥር ሰው ፋብሪካው ውስጥ አልነበረም። ጉራዬ ለሰው የጠቀመው ያን ጊዜ ነው።

የጥገና ክፍሉን በር ዘግቶ ሦስት ቀን ሠራ። በአራተኛው ቀን ማሽኑ ዞረ። ሥራ አስኪያጁ መጥቶ ጥርሱን በጣቱ ዳሰሰ።

«ማን አስተማረው?»

«እኔ፣ ጓድ ሥራ አስኪያጅ።»

«ብረትም ታውቃለህ?»

«ከመጽሐፍ ነው።»

ሳቁን ዋጥ አድርጎ ካርዱን ተቀበለኝ። ጥቁር ክር ታስሮበት ነበር። ሰውየው እርሻ አልሄደም። ጎረቤቶቹም ለሚስቱ ገንፎ ማምጣታቸውን አልተዉም።

ይህን ምስጢር ዛሬ የምጽፈው የሰውየው ልጆች ስለፈቀዱልኝ ነው። አራስ ቤት የነበረችው ልጅ አሁን ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ የብረት በርና መስኮት ትሠራለች፤ የአያቴ ሙያ ነው ብላ በግልጽ ትናገራለች። እትዬ ግን ይህን ሳታይ አለፈች። ሰው ፊት ሳታዋርደኝ ያረመችኝ እሷ ናት፤ ያለ እሷ ጽሑፌ ያማረ፣ ሥራዬ የከፋ ሰው ሆኜ እቀር ነበር። እግዜር ነፍሷን ይማርልኝ።

እንግዲህ የሠራሁትን ልቁጠር። የአንድ ፋብሪካ ሠራተኞችን ሁሉ ሙያ በሱፍ ክር አሰርኩ። ለቆመ ማሽን እጅ አገኘሁለት። «ሙያ የለኝም» ካሉኝ ሰዎች ለብዙዎቹ ክር አገኘሁ፤ ለሦስቱ ግን አልሆነልኝም፣ እርሻ ሄዱ፤ እነሱንም አልረሳሁም። ለእትዬ ካርድ አውጥቼ፣ ያለ አባት ስምና ያለ አባት ሥራ፣ «ሰው ታውቃለች» ብዬ ጻፍኩበት። አንድ ቀን እንኳ ብረት ሳልቀጠቅጥም የቀጥቃጭ አስተማሪ ተብዬ ጡረታ ወጣሁ።