የቢጫዋ ወረቀት ጀርባ

ቨርና ሆሉብ ጡረታ ከወጣች ሁለት ዓመት አለፋት፤ ግን ጥር በመጣ ቁጥር ጣቶቿን ይበላታል። ጥር የቢጫዋ ወረቀት ወር ነበራ!

በአሜሪካ መሀል፣ ከዳር እስከ ዳር በቆሎ በሸፈነው በዚያ ክፍለ ግዛት፣ የጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ቢሮ በየዓመቱ አንዲት ቢጫ ወረቀት ያወጣል። ፊቷ ላይ ምክር ቤቱ ዘንድሮ እንዲያጸድቅ የሚጠየቁት ሕጎች ይሰፍራሉ። ምክር ቤቱ ሲበተን ደግሞ የጸደቁት ተመርጠው ጀርባዋ ላይ ይገባሉ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያቺን ወረቀት የተየበችው ቨርና ናት። ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጎች በምርጫ ይመጣሉ፣ በምርጫ ይሄዳሉ፤ እሷ ግን ሦስተኛ ፎቅ፣ መስኮቱ ሥር ካለችው ወንበሯ ንቅንቅ አላለችም።

አቤት የዚያን ጊዜ ሦስተኛ ፎቅ! ስድስት የጽሕፈት መኪና አንድ ላይ ሲንጫጫ ሰው እየተጯጯኸ ነበር የሚያወራው። ሐሙስ ሐሙስ ከምድር ቤቱ ምግብ ቤት ቺሊ ከነቀረፋ ዳቦው ይመጣል፤ ቃሪያ የበዛበት ወጥና ስኳር የተቀባ ዳቦ እንዴት አብሮ ይበላል የሚል ካለ፣ እዚያ አገር አላደገም ማለት ነው። ዛሬ ሁሉም ጆሮው ላይ ነገር ሰክቶ ዝም ብሎ ይጽፋል። ሥራ ነው ይሉታል እንግዲህ!

አለቃዋ የሕግ ማርቀቂያ ክፍሉ ኃላፊ ሚስተር ትሬስለር ነበሩ። ሰውዬው ጫማቸውን አውልቀው፣ በካልሲ እየተንጎራደዱ ነው ሕግ የሚያስጽፉት። የገና በዓል ሲቃረብ ሠራተኛውን በሙሉ፣ ጽዳቶቹን ሳይቀር፣ ሰብስበው ይጠይቃሉ።

«አገሩን እንደ ቤታችሁ እዩት። ጣሪያው የት ጋ ነው የሚያፈሰው?»

አንዱ የመኪና ሻጮችን ማጭበርበር ያነሣል፣ ሌላው የሐሰት መድኃኒትን። ቨርና ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ትንፍሽ ብላ አታውቅም። በዐሥራ ሁለተኛው ግን አፏ አመለጣት።

«ስማቸው ሳይታወቅ የሚቀበሩት ሰዎች» አለች።

ሚስተር ትሬስለር ቆሙ። «እስቲ ቀጥዪ።»

«አንዱ ወረዳ መንገድ ዳር ወድቆ የተገኘ ሰው ይቀብርና ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ይከታል። ጎረቤት ወረዳ ያሉ ቤተሰቦቹ ይፈልጉታል። ሁለቱ አይገናኙም። ሁሉም የያዘውን ወደ እኛ እንዲልክ ሕግ ቢወጣስ?»

ሰው ሲበተን ሚስተር ትሬስለር ወንበር ስበው አጠገቧ ተቀመጡ። «ማን ጠፍቶብሽ ነው?»

ወንድሟ ሌላንድ ነበር። በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ስንዴ ከሚያጭዱ ሰዎች ጋር በጭነት መኪና ወጣ፤ «እንደደረስኩ እደውላለሁ» ብሎ ሄደ፤ በዚያው ቀረ። እናታቸው ከዚያ ቀን ጀምራ ከማድ ቤቱ ስልክ ርቃ አታውቅም። የእንቁላል መቀቀያዋን ባለ አሸዋ ሰዓት ከስልኩ ሥር አስቀመጠች። ሰዓቷ ተገልብጣ አሸዋው ወርዶ እስኪያልቅ ሦስት ደቂቃ ነው፤ ማንም ቢሆን ከዚያ በላይ አያወራም። «ቨርና! መስመሩን ልቀቂ! ሌላንድ ቢደውልስ?» ጓደኞቿ ይስቁባት ነበር፤ ከአንድም ሁለት እጮኛ በዚያ ስልክ ምክንያት ተቀይሟታል። እናቷ ስትሞትም ቨርና ስልኩን ከግድግዳው፣ ሰዓቷን ከቦታዋ አላነሣችም። ለየወረዳው ፖሊስ አለቆች፣ ለሸሪፎቹ ሁሉ፣ ለዘጠና ሦስቱም፣ ደብዳቤ ጽፋ ዐሥራ አንዱ መለሱላት፤ አናውቅም ብለው።

ረቂቁ በዚያ ጥር ቢጫዋ ወረቀት ፊት ላይ ወጣ። ሚስተር ትሬስለር ራሳቸው ምክር ቤት ቀርበው አስረዱ። ሸሪፎቹ ሥራ ይበዛብናል ብለው አጉረመረሙ። የኮሚቴው ሊቀመንበር ጉስታፍሰን ደግሞ፣ በሬ የሚያህል ትከሻ ያለው ገበሬ፣ የማትለወጥ መልስ ነበረችው።

«ሕጉስ ጥሩ ነው። ጊዜ የለንም እንጂ።»

በሚቀጥለውም ዓመት ጊዜ አልነበረም። በሦስተኛውም።

በሰባተኛው ዓመት ግን የሚደግፉት አባላት ተቆጥረው በቂ ሆኑ፤ ነገ ይጸድቃል ተባለ። ቨርና አላስቻላትም። ሌላውን ሥራ ሁሉ ወደ ጎን ትታ፣ «ጸድቋል» ብላ የቢጫዋ ወረቀት ጀርባ ላይ ተይባ፣ አምስት መቶ ቅጂ አሳተመች። በማግስቱ ጉስታፍሰን በበቆሎ ተባይ ላይ እስከ ማታ ሲያከራክር ዋለና ምክር ቤቱ ተበተነ። አምስት መቶውን ወረቀት እሷው ራሷ፣ እንባዋ እየተንጠባጠበ፣ ቆሻሻ ኮሮጆው ውስጥ ጨመረች። ሚስተር ትሬስለር በካልሲያቸው መጥተው አንዷን መዘዙና ሰጧት።

«ይቺን ቤትሽ አስቀምጪ። የተሳሳተው ዓመቱ ብቻ ነው።»

«እኔ ራሴ ሄጄ ልናገር፣ ሚስተር ትሬስለር! እርስዎ አንቀጽ ነው የሚያወሩት፤ እኔ ወንድሜን ላውራ!»

«አይሆንም፣ ቨርና። የዚህ ቢሮ ሰው ለራሱ ጉዳይ ምስክር ወንበር ላይ አይቀመጥም። ያኔ ወረቀታችንን ማን ያምነዋል?»

ተናደደችባቸው። እውነታቸውን እንደነበረ ግን ታውቃለች። እሳቸው ጡረታ ወጡ፣ ሞቱም፤ የተኳቸውም ሁሉ ረቂቁን ከፊት አላወረዱትም። ዐሥራ ስምንት ዓመት ከወረቀቷ ፊት ወደ ጀርባዋ ሳይሻገር ኖረ።

ጡረታ በወጣች በመጀመሪያው ክረምት፣ በረዶ እየጣለ፣ የቤተ ክርስቲያን ካፖርቷን ለብሳ ምክር ቤት ሄደች። በር ላይ ካለው መዝገብ ላይ «ደጋፊ» በሚለው ሥር ስሟን ጻፈች። እዚያ ማንም ዜጋ ሦስት ደቂቃ አለው፤ አረንጓዴ መብራት ይጀምራል፣ ቢጫው ያስጠነቅቃል፣ ቀዩ አፍ ያዘጋል። ጉስታፍሰን አርጅቶ፣ ያችው ወንበር ላይ ነው።

«ቨርና! አንቺ ደግሞ ምን አመጣሽ?»

«ሦስት ደቂቃዬ፣ ሚስተር ሊቀመንበር።»

ወንድሟ ሌላንድ ሆሉብ እንደሚባል፣ በልጅነቱ የውኃ ፓምፕ እጀታ መትቶት የፊት ጥርሱ እንደተሸረፈ፣ ሲስቅ በእጁ እንደሚሸፍነው ተናገረች። «ያ ጥርስ በአንዱ ሸሪፍ መሳቢያ ውስጥ ተጽፎ ሊሆን ይችላል። ተጽፎም ከሆነ እኔ አላውቅም፤ እናቴም ሳታውቅ ሞተች» አለች። ከዚያ መስመሩ ዛሬም ለእሱ ክፍት እንደሆነ ነግራ፣ የስልክ ቁጥሯን አንድ በአንድ ጠራች፤ መዝገብ ላይ ይግባልኝ ብላ። አሸዋ ስትቆጥር ያደገች ሴት አይደለች? ቀና ስትል መብራቱ ገና ቢጫ ነው።

«ሚስተር ሊቀመንበር፣ ግማሽ ደቂቃ ተርፎኛል። ጊዜ የለንም ሲሉ ዐሥራ ስምንት ዓመት ሰምቻለሁ። ይቺን ውሰዷትና ድምፅ ስጡባት።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጉስታፍሰን እንደ ቀይ ሥር ቀላ፤ ሳቁ ሲያልቅ ግን መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። በዚያው ከሰዓት ድምፅ ተሰጠ፤ በሚያዝያ ሕግ ሆነ። ቨርና ቤቷ ገብታ ከስልኩ ሥር ያለውን መሳቢያ ከፈተች፣ የቆየችውን ቢጫ ወረቀት አወጣች፣ ዓመቱን በእስክሪብቶ ሰርዛ የዘንድሮውን ጻፈችበት።

ከሌላንድ ግን ወሬ አልመጣም። አንድ ዓመት፣ አንድ ዓመት ተኩል።

በመስከረም ወር፣ አንድ ቀን ከሰዓት፣ ፖም እየላጠች ሳለ፣ የግድግዳው ስልክ ጮኸ። ቢላዋው ከእጇ ወደቀ።

«ወይዘሪት ሆሉብ ነዎት? ሮዌና ታትል እባላለሁ። ቁጥርዎን ከምክር ቤቱ መዝገብ ነው ያገኘሁት።»

«አገኛችሁት? ሌላንድን አገኛችሁት?»

«ውይ... ይቅርታ ያድርጉልኝ። እርሳቸውን አይደለም። የተገኘው አባቴ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሁለት ወረዳ አልፎ፣ በቁጥር ተቀብሮ ነበር። በእርስዎ ሕግ ነው የተገኘው። ቅዳሜ በስሙ ቀበርነው።»

ቨርና ቀናች። አዎ፣ ቀናች፣ ምን ይደበቃል! ግድግዳውን ተደግፋ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ እስኪያልፍላት ቆመች።

«ላመሰግንዎት ብዬ ነው እንጂ ጊዜዎን አልሻማም» አለች ሮዌና። «መስመሩን ለወንድምዎ ነው ክፍት የሚያቆዩት፤ አንብቤአለሁ። ልዝጋ።»

ቨርና የአሸዋ ሰዓቷን አየቻት። አነሣቻት፣ ሳትገለብጣት መሳቢያው ውስጥ ቢጫዋ ወረቀት ላይ አስተኛቻትና ዘጋችባት።

«አትዝጊ፣ የኔ ልጅ» አለች፤ ወንበሩን በእግሯ ሳበችው። «አባትሽ ምን ዓይነት ሰው ነበር? ከመጀመሪያው ንገሪኝ።»

ስልኩን ስትዘጋ ከአንድ ሰዓት በላይ አልፎ፣ የላጠችው ፖም ሁሉ ሳህኑ ላይ ጠቁሮ ነበር።