ሞያሌ ላይ መቆየት፣ ሞያሌ ላይ መኖር

ፎርም ፎር፣ የሁለተኛ ደረጃ የመጨረሻው ክፍል፣ በነበርኩበት ዓመት አንድ ቦታ አርፎ መቀመጥ አቅቶኝ ነበር። ክፍል ውስጥ እግሬን አነቃንቃለሁ። ቤት ስገባ ወዲያው መውጣት ያምረኛል፣ ስወጣ ደግሞ የምሄድበት የለም። ከቤታችን ወደ ላይ ብወጣ የኢትዮጵያ ድንበር ነው፤ ወደ ታች ብወርድ የቡቲዬ መንደር፣ ከዚያ ወዲያ የጎልቦ ደረቅ ሜዳና ግመል። ከብት የጫኑ ሎሪዎች ወደ ደቡብ ሲነሱ አቧራቸው እስኪጠፋ ቆሜ አያለሁ። ሰው በደቡብ ያለችውን ኢሲዮሎን ካለፈ «ኬንያ ሄደ» እንላለን፤ እኛ ራሳችን ኬንያ ውስጥ እንዳልሆንን ሁሉ። እኔም ኬንያ መሄድ ነበር የምፈልገው።

የዚያን ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማረችን ሴት ከዚያው ከ«ኬንያ» የመጣች ነበረች። አጭር፣ ፈጣን፣ ስትራመድ እንኳን የምትጣላ የምትመስል ሰው ናት። ሙቀቱን አትወደውም፣ የውሃው እጥረት ያናድዳታል፣ ገና እንደመጣች ነው የዝውውር ማመልከቻ ያስገባችው። የሚመሳሰሉ ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ካገኘች ግን ሙቀቱንም ዝውውሩንም ትረሳለች። ቃሉ ምን ማለት ነው ብላ አትጠይቅም። «ሁለቱን ብታቀያይሯቸው ማን ይጎዳል?» ነው የምትለው። የሚጎዳ ሰው ካላገኘንላት ገና አልገባችሁም ትለንና እንደገና ትጀምራለች።

አንድ ቀን ወንበሮቹን ወደ ግድግዳ አስገፍታ ወለሉ ላይ በጠመኔ መስመር አሰመረች። ግማሻችንን ከመስመሩ ወዲህ፣ ግማሻችንን ወዲያ አቆመችን። ከዚያ አንዷን ተማሪ፣ ረጅሟን የቦረና ልጅ፣ መስመሩን ተሻገሪ አለቻት። ልጅቷ ስትሻገር ጥላን የሄደችው እኛ «ኤሚግሬት» ብለን እንድንጮህ፣ የተቀበሏት ደግሞ «ኢሚግሬት» ብለው እንዲጮሁ ታዘዝን። ልጅቷ ያው አንዲት ልጅ ናት፣ እርምጃዋም ያው ነው፤ ስሙ ግን እንደቆምንበት ይለያያል። ደጋግማ ስትሄድና ስትመለስ ጩኸታችን በዝቶ ከጎን ያለው ክፍል መምህር መጥቶ በበሩ አየን።

«ቲቸር፣» አለ ከኋላ አንዱ፣ «መስመሩ ላይ የቆመ ሰውስ ምን ይባላል?»

«እሱማ ሞያሌ ይባላል» አለች። እስክናነባ ሳቅን። እሷም ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ነው።

እኔን የሚያስቸግሩኝ አማርኛ በአንድ ቃል የሚጨርሳቸው ነበሩ። ቤት አማርኛ፣ ሰፈር ኦሮምኛ፣ ከሹም ጋር ስዋሂሊ ነው የማወራው፤ እንግሊዝኛውን ሳስብ ግን ሁልጊዜ ከቤት ነው የምነሳው። ለእኛ «አስታወሰ» አንድ ነው። እንግሊዝኛ ራሱ ላስታወሰ ሰው «ሪሜምበር»፣ ሌላውን ላስታወሰ ደግሞ «ሪማይንድ» ይላል። አንድ ቀን መጽሐፍ ልታውሰኝ ቃል ገብታልኝ ነበርና ከክፍል ስንወጣ ተከትያት፣ ነገ መጥቼ መውሰዱን እንዳልረሳ አስታውሺኝ ለማለት «ቲቸር፣ ፕሊዝ ሪሜምበር ሚ» አልኳት።

ቆመች። ትከሻዬን ያዝ አድርጋ ትክ ብላ አየችኝ። «ልትሞቺ ነው እንዴ?» አለች። «እንዲህ የሚለው እኮ የሚሰናበት ሰው ነው።» ያ ቃል ከዚያ በኋላ ተሳስቶብኝ አያውቅም።

ከሁሉ ያናደዳት ግን «ስቴይ» እና «ሊቭ» ነበሩ። መኖሪያችንን ስትጠይቀን ሁላችንም «አይ ስቴይ» ብለን ነው የምንጀምረው፤ አገሩ በሙሉ እንደዚያ ነው የሚለው። ከስዋሂሊው የመጣ ነው አለችን፤ ስዋሂሊ ለመቀመጥም ለመኖርም «ኩካ» ይላል። እኔም በሐሳቤ ወደ ቤቴ ዞርኩ። እኛስ ብንሆን «የት ነው የምትቀመጪው?» አይደል የምንለው? ቦረናውም «ኤሳ ቴሳ?» ብሎ የሚጠይቀው መቀመጫን ነው። በከተማችን የሚነገረው ቋንቋ ሁሉ የሚኖረውን ሰው ተቀምጧል ነው የሚለው።

«እንግሊዝኛ ግን ይለያል» አለች፣ በጠመኔዋ ሰሌዳውን እየመታች። «ስቴይ የእንግዳ ነው። ቆይቶ ይሄዳል። ሊቭ ያለ ሰው ቤቱ እዚያው ነው። ብታቀያይሯቸው ማን ይጎዳል?»

ሌሎቹ ወደ ደብተራቸው አቀረቀሩ። እኔ ግን አባቴን አሰብኩ፤ ቀጥሎም እናቴን።

አባቴ ሞያሌ የገባው ገና ጎረምሳ ሳለ፣ ከኢትዮጵያ ደጋ ጨርቅ ይዞ ነው። «ለጥቂት ጊዜ» ብሎ የተከራያትን ሱቅ እኔ ስወለድም፣ ትምህርት ስጀምርም፣ ስጨርስም ያው «ለጥቂት ጊዜ» ነበር የያዛት። ከሱቁ ጀርባ ያለው ቤታችን ወለሉ አፈር ነው። እናቴ ጠዋት ጠዋት አቧራው እንዳይነሳ ውሃ ትረጨዋለች፤ ያ ውሃ ደግሞ በአህያ ተጭኖ የሚመጣ ነው። ሲሚንቶ እናስደርገው ባለችው ቁጥር «ሊሄድ የተነሳ ሰው ወለል ያስለስናል እንዴ?» ይላታል።

«ወዴት ነው የምትሄደው?» ትለዋለች። «የማን ቤት ነው የሚጠብቅህ?» እናቴ የተወለደችው እዚሁ ነው፤ አባቷም ከአባቴ ቀድሞ የመጣ ነጋዴ ነበር። አባቴ ጨርቁን እየጠቀለለ ወደ ሱቁ ይወጣል። እኔ መሃላቸው ተቀምጬ እግሬን አነቃንቃለሁ።

የፎርም ፎር ውጤቴ ደህና ሆነና ናይሮቢ አካባቢ ያለ የመምህራን ኮሌጅ ተቀበለኝ። ደስታው ግን አንድ ቀን አላደረም። ለመሄድ ኪፓንዴ ያስፈልጋል፤ መታወቂያውን ነው እንደዚያ የምንለው። ያለ እሱ በመንገዱ ላይ ያሉትን ፍተሻዎች ማለፍ አይታሰብም። ድንበር ላይ ለተወለደ ሰው ደግሞ ኪፓንዴ እንዲሁ አይሰጠውም፤ ሹምና ሽማግሌ የተቀመጡበት ኮሚቴ ፊት ቀርቦ የአገሩ ልጅ መሆኑን ማስረዳት አለበት። የእናቴን መታወቂያ አዩና እሷ መቅረብ አያስፈልጋትም አሉ። «አባትሽን ግን ይዘሽ ነይ» ተባልኩ።

በቀጠሮው ጠዋት አባቴ ለበዓል ብቻ የሚለብሰውን ኮት ለበሰ።  ግቢው ውስጥ ከዛፍ ሥር ጠረጴዛ ተዘርግቷል፤ ከጀርባው አንድ ባለሥልጣን፣ ከጎኑ ሰፈሩን የሚያውቁ የቦረናና የገሪ ጎሳ ሽማግሌዎች። ተራችን እስኪደርስ ተነሳሁ፣ ተቀመጥኩ፣ ውሃ ጠጣሁ፣ እንደገና ተነሳሁ። «አንቺ ልጅ፣ ጉንዳን ላይ ነው እንዴ የተቀመጥሽው?» አለኝ አባቴ።

ባለሥልጣኑ ከታች አገር፣ ከዚያው ከ«ኬንያ»፣ የመጣ ወጣት ነው። ስዋሂሊውን ትቶ በእንግሊዝኛ ጀመረኝ።

«የት ነው ስቴይ የምታደርጊው?»

አፌ ቀደመኝ። «ስቴይ አላደርግም ጌታዬ፤ ሊቭ ነው የማደርገው። እዚሁ ሞያሌ።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«ስቴይ የሚያደርግ ሰው ይሄዳል» አልኩት። «እኔ እዚህ ነው የተወለድኩት፤ ቤቴ እዚህ ነው።»

 ከዚህች ከተማ ልውጣ ብዬ ነው እኮ እዚህ ነው የምኖረው እያልኩ የምሟገተው። ሰውየው ሳቅ አለ፤ ክፉ ሳቅ አልነበረም። ከዚያ ወደ አባቴ ዞረ፤ «ሙዜ» በስዋሂሊ ትልቅ ሰው ነው።

«ሙዜውስ? ሊቭ ነው ወይስ ስቴይ? እስቲ ጠይቂልኝ።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ በቦረንኛ፣ በሰፈራችን ኦሮምኛ፣ «ይህንን ሰውማ እናውቀዋለን፤ ልጆቻችንን ያለበሰ ነው» አለ። ባለሥልጣኑ እጁን አነሳ። መልሱን ከእሱ ከራሱ ነው የፈለገው።

አባቴ ጥያቄው ስለ ምን እንደሆነ ገብቶታል፤ ስዋሂሊም ቦረንኛም ከእኔ ይልቅ እሱ ነው የሚችለው። እኔ ግን እንዴት አድርጌ እንደምጠይቀው ጨነቀኝ። «ትቀመጣለህ ወይ» ብለው ሁለቱንም ያዘለ ቃል ነው፤ በዚያ ቃል እሱም እኔም እናመልጥ ነበር። በመጨረሻ በአማርኛ ለይቼ ጠየቅሁት። «አባዬ፣ ቆይተህ የምትሄድ ነህ ወይስ እዚህ ነው የምትኖረው ይልሃል።»

ኮቱን ቆለፈ፣ ፈታ። ወደ ሰሜን አላየም፣ ወደ እኔም አላየም። ጫማውን ነበር የሚያየው።

«እናቴን እዚያ አልቀበርኩም» አለ። «ስትሞት አልደረስኩም። ወንድሞቼ መሬቱን ተካፍለውታል፤ እኔን የጠየቀኝ የለም። አንቺ እዚህ ተወለድሽ።» ከጫማው ቀና አለ። «እኖራለሁ በዪው። እዚህ ነው የምኖረው በዪው። ለእናትሽ ግን እኔው ራሴ ነኝ የምነግራት። አደራ።»

ወደ ባለሥልጣኑ ዞሬ «ሂ ሊቭስ ሂር» አልኩ።  ሰውየው አንዴ አባቴን፣ አንዴ እኔን አየና ጻፈ። ሽማግሌዎቹ የጣት አሻራቸውን አስቀመጡ፤ አለቀ፣ ሂዱ ተባልን።

አባቴ ለእናቴ አልነገራትም። ያን ቀንም፣ በማግስቱም፣ በሳምንቱም። ራት ላይ ሊናገር ነው እያልኩ አፍ አፉን አየዋለሁ፤ እሱ ስለ ሶሎሎ መንገድ መበላሸት ያወራል። ምስጢሩ እንደ እሾህ እግሬ ውስጥ ገብቶ አላስቆም አለኝ። በመጨረሻ እናቴ ከገበያ ሰማች፤ የአንዱ ሽማግሌ ሚስት ሽንኩርት ስትመርጥ አጫውታታለች። ቅርጫቷን ሳታስቀምጥ በቀጥታ ወደ ሱቁ ገባች።

«ለመንግሥት ነገርከው አሉ!» አለችው። «ለእኔ ለመንገር ምን አስፈራህ?»

አባቴ ሜትሩን በእጁ ይዞ ቀረ። «እነግርሻለሁ እያልኩ...»

«ስንት ዓመት ሙሉ ልትሄድ ነው እያልኩ ነው ከአንተ ጋር የተኛሁት! ጠዋት ስነሳ መጀመሪያ ጫማህን ነው የማየው፣ ታውቃለህ?»

አላወቀም ነበር። እኔም አላወቅሁም። እናቴ ተቆጥታ እንጂ አልቅሳ አይቻት አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን ግን በሱቁ መሃል፣ ጨርቅ ልትገዛ የገባች ሴት እያየቻት አለቀሰች። አባቴ ከባንኮኒው ወጥቶ አጠገቧ ቆመ። ምን እንደሚያደርግ ስላላወቀ ቅርጫቷን ተቀበላት። በማግስቱ ሲሚንቶ ገዝቶ መጣ። ወለሉ ሲሠራ ቤቱን ለቀን ጎረቤት አደርን፤ እናቴ ደርቆ እንደሆን ለማየት ሌሊቱን ሁለቴ ተነስታ ሄደች።

ኪፓንዴው ግን አልመጣም። በየሳምንቱ ቢሮው ሄጄ እጠይቃለሁ፤ «ናይሮቢ ነው፣ ገና ነው» ይሉኛል። ኮሌጁ የሚከፈትበት ቀን እየቀረበ ሄደ። በዚያው ሰሞን የመምህሯ ዝውውር ተፈቀደላትና ልሰናበታት ቤቷ ሄድኩ። ዕቃዋን በካርቶን እያሰረች ነበር። ደስ ብሏታል ብዬ ነበር የጠበቅኩት፤ ፊቷ ግን እንደዚያ አይልም።

«አሁንም ዌይት እያደረግሁ ነው» አልኳት ስለ ኪፓንዴው።

«ዌይት ነው ወይስ ኤክስፔክት?» አለችኝ፣ ገመዱን በጥርሷ ይዛ።

በአማርኛ ሁለቱም «መጠበቅ» ናቸው። ገመዱን ከጥርሷ ለቀቀችው። «ዌይት የሚያደርግ ሰው ጊዜ ብቻ ነው የሚያልፍበት። ኤክስፔክት የሚያደርግ ሰው ግን እንደሚመጣ ስለሚያምን ይዘጋጃል። ሳጥንሽን አዘጋጅተሻል?»

አላዘጋጀሁም ነበር። ገመዱን አብሬያት ይዤ ካርቶኖቹን አሰርንና እስከ መኪናው ሸኘኋት። ሎሪው ላይ ከሾፌሩ ጎን ስትቀመጥ ወደ ከተማዋ ዞራ ለረጅም ጊዜ አየች። ይህን ያህል የጠላችውን አገር እንደዚያ ታየዋለች ብዬ አስቤ አላውቅም።

እኔም ቤት ገብቼ ሳጥኔን አዘጋጀሁ። ልብሴን አጥፌ ከተትኩ፤ የምለብሰው ሲያጥረኝ አወጣሁ፤ እንደገና ከተትኩ። እናቴ «ምነው እንደ ዶሮ ትጭሪያለሽ?» እያለች ትቆጣለች። ኮሌጁ ሊከፈት ጥቂት ቀን ሲቀረው ኪፓንዴው መጣ። ፎቶዬ ላይ አንድ ዓይኔ ጨፈን ብሏል። አባቴ ተቀብሎኝ ወደ ብርሃን ወስዶ ገልብጦ አየውና «በቃ ልትሄጂ ነው» አለ። ጥያቄ አልነበረም።

በተነሳሁበት ጠዋት ሎሪው አጠገብ አባቴ ከሾፌሩ ጋር ስለ መቀመጫዬ ተከራከረ፤ ከብቱ ላይ እንዳልቀመጥ። እናቴ ደረቅ እንጀራ በጨርቅ ቋጥራ አቀበለችኝና ነጠላዬን አስተካከለችልኝ። «ስትደርሺ ደውዪ» አለችኝ፤ ጎረቤታችን ሞባይል ከገዛ ትንሽ ጊዜው ነበር። ሎሪው ሲንቀሳቀስ አባቴ ጥቂት አብሮ ሄደ፣ ከዚያ ቆመ።

መንገዱ ድንጋይና አቧራ ነው። ከብቶቹ ከኋላዬ ይገፋፋሉ፣ አጥንቴ ይንቀጠቀጣል፣ ብረቱን በሁለት እጄ ይዤ ነው የሄድኩት። ፍተሻዎቹ ላይ ወርደን እንሰለፋለን። ኢሲዮሎ መግቢያ ላይ አንድ ፖሊስ ኪፓንዴዬን አየ፣ እኔን አየ፣ «እለፊ» አለኝ። ከዚያ አውቶቡስ ቀይሬ አስፋልቱን ጀመርን። ድምፅ የለም፣ መንገጫገጭ የለም፤ ከጎኔ የተቀመጠችው ሴት ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳት። እኔ ግን ሰውነቴ ቀጣዩን ጉድጓድ እየጠበቀ፣ ከፊቴ ያለውን ወንበር ብረት ጨብጬ እስከ ናይሮቢ አልለቀቅሁም።